የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ርካሽ ፒያኖ ሲገዛና ሲሸጥ

ባለፉት ሁለት ወራት ለዚህ ዓምድ ከደረሱን ደብዳቤዎች አራቱ ስለ ፒያኖ የሚጠይቁ ናቸው። ጸሐፊዎቹ የሚኖሩት በተለያየ አገር ነው፤ የሚያሳስባቸው ነገር ግን ተመሳሳይ በመሆኑ በዚህ እትም አንድ ላይ ልመልስላቸው ወሰንኩ። ኑሮዬን የምመራው ፒያኖ በመቃኘትና በመጠገን ነው፤ ከዚህ በታች የምለውም አብዛኛው በየሰው ቤት ክዳን ከፍቼ ያየሁት ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። የስምንት ዓመት ልጄ ፒያኖ መማር ከጀመረች ሦስት ወሯ ነው። ጎረቤታችን ቤት ሊለውጡ ስለሆነ አንዲት ትንሽ ፒያኖ በነፃ ልስጣችሁ ብለውናል። ባለቤቴ «በነፃ ለተገኘ ነገር ምን ጥያቄ አለው?» ይላል፤ እኔ ግን ልቤ አልተቀበለውም። ፒያኖዋ ቁመቷ ከወገቤ ብዙም አይበልጥም፤ ከውጭ ሲያዩዋት ንጹሕ ናት። እንውሰዳት ወይስ ይቅርብን?

መልስ፦ እህቴ፣ ከገለጹልኝ ቁመት ስነሣ ፒያኖዋ «ስፒኔት» የሚባለው ዓይነት ሳትሆን አትቀርም። ችግሯ ከአፈጣጠሯ ስለሚጀምር አስቀድሜ እሱን ልንገርዎ። በአሜሪካ የፒያኖ ምርት ከፍተኛ ደረጃ ላይ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1909 ሲሆን በዚያ ዓመት ብቻ ከ360,000 በላይ ፒያኖዎች ተሠርተው ነበር። ከዚያ በኋላ ግራሞፎኑና ሬዲዮኑ ገበያውን ተሻሙት፤ በ1929 የጀመረው የኢኮኖሚ ቀውስ ሲጨመርበት ደግሞ ምርቱ ወደ አሥረኛ እጁ ገደማ ወረደ። ከመዘጋት ለመዳን የሚጣጣሩት ፋብሪካዎች በ1930ዎቹ አጋማሽ ለጠባብ ሳሎን የምትሆን፣ ዋጋዋም ዝቅ ያለ አጭር ፒያኖ ይዘው ቀረቡ። ቁመቷ አንድ ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው።

ፒያኖን ማሳጠር ግን የጠረጴዛ እግር እንደ መቁረጥ ቀላል አይደለም። በተለመደው ቋሚ ፒያኖ ቁልፉ ሲጫን መዶሻውን ወደ ክሩ የሚገፋው ስልት፣ ባለሙያዎች «አክሽን» የምንለው፣ ከቁልፎቹ በላይ ይቀመጣል። በስፒኔት ግን ለዚህ የሚሆን ቁመት ስለሌለ ስልቱ ወደ ታች ይወርድና ከእያንዳንዱ ቁልፍ ጫፍ ጋር በቀጭን ዘንግ ይያያዛል። 88 ቁልፍ 88 ዘንግና 88 ማያያዣ ይፈልጋል ማለት ነው። በጣት ግፊትና በመዶሻው መካከል መገጣጠሚያ በበዛ ቁጥር ቁልፉ ይላላል፣ ቀስ ብሎ መጫወትም ይከብዳል። የወፍራሙ ድምፅ ክሮች ማጠራቸው ደግሞ ግራ እጅ የሚያወጣውን ድምፅ የታፈነ ያደርገዋል። ከሁሉ የከፋው ግን በ1940ዎቹና በ50ዎቹ ብዙ ፋብሪካዎች እነዚያን ማያያዣዎች በጊዜው አዲስ በነበረው ፕላስቲክ መሥራታቸው ነው። ያ ፕላስቲክ ዛሬ እንደ ደረቀ ቅጠል በጣት ሲነካ ይሰባበራል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እናት «ልጄ ልምምድ ጠላች፤ ምናልባት ፒያኖው ቅኝት ፈልጎ ይሆናል» ብለው ጠሩኝ። ልጅቷ አሥር ዓመት ቢሆናት ነው። የምታውቀውን እንድትጫወትልኝ ጠየቅኋት። ጥሩ ጀመረች፤ ጥቂት እንደሄደች የቀለበት ጣቷ ቁልፉን ተጫነ፣ ቁልፉም ወረደ፣ ድምፅ ግን አልወጣም። እጇን ከቁልፉ ላይ አነሣችና «ይቅርታ፣ ተሳሳትኩ» አለችኝ። አልተሳሳተችም ነበር። የታችኛውን ሰሌዳ ፈትቼ ሳይ ቡናማ የፕላስቲክ ስብርባሪ እንደ ቆሎ ፈስሶ አገኘሁት። ልጅቷ ያንን ቁልፍ ስንት ወር ሙሉ በራሷ ጣት ስታመካኝ እንደቆየች እግዚአብሔር ይወቅ። ልጅ መሣሪያውን መውቀስ አያውቅም። ሥራዬ ከሚያሳዝነኝ ነገር ሁሉ ይህ ይብሳል፤ ለእርስዎም ይህን ያህል አርዝሜ የምጽፈው በዚሁ ምክንያት ነው።

«በነፃ» የሚለውንም ነገር እናስላው። በእናንተ አካባቢ ፒያኖ የሚያጓጉዝ ሰው እንደሚወጣው የፎቅ ደረጃና እንደ ርቀቱ ከ200 እስከ 500 ዶላር ገደማ ይጠይቃል። አንድ ቅኝት ከ100 እስከ 200 ዶላር ነው፤ ለዓመታት ያልተቃኘ ፒያኖ ደግሞ በአንድ ጊዜ አይስተካከልም፤ ቢያንስ ሁለቴ መከፈሉ አይቀርም። ማያያዣዎቹ ከተሰበሩ የስፒኔትን አክሽን ለማውጣት 88ቱም ዘንጎች አንድ በአንድ መፈታት ስላለባቸው የጥገናው ዋጋ ከመደበኛው ፒያኖ ይበልጣል። በመጨረሻም ፒያኖዋ አልሆን ስትል ለማስወገድ እንደገና መክፈል አለ፤ ጎረቤትዎ በነፃ የሚሰጡበት አንዱ ምክንያት ይኸው ሊሆን ይችላል። አበው ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

ከመወሰንዎ በፊት ግን ቤታቸው ሄደው ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈትሿት። በስልክዎ የቅኝት መለኪያ (ቲዩነር) መተግበሪያ ይጫኑና ከግራ ሲቆጠር 49ኛውን ቁልፍ ይምቱ፤ 440 ማንበብ አለበት። ወደ 415 ከወረደ ፒያኖዋ ግማሽ ድምፅ ሙሉ ወርዳለች ማለት ነው፤ ያረጁ ክሮችን ያን ያህል ማጥበቅ ደግሞ ሊበጥሳቸው ይችላል። ቀጥሎ 88ቱንም ቁልፎች ከግራ ወደ ቀኝ፣ ጥቁሮቹንም ሳይዘሉ፣ መጀመሪያ በዝግታ ቀጥሎም በፍጥነት እየደጋገሙ ይጫኑ። ዝም የሚል፣ ወርዶ የሚቀር ወይም እንደ ሁለት ሰው ድምፅ የሚንቀጠቀጥ ካገኙ በወረቀት ይመዝግቡ። ይህን ሁሉ ካለፈች፣ ከቦታዋ ሳትነሣ አንድ ቃኚ ከፍለው ያሳዩዋት። የእኔን አስተያየት ከጠየቁኝ ግን ጎረቤትዎን አመስግነው ይተዉት።

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከአዲስ አበባ ነው፤ የሁለት ልጆች አባት ነኝ። አንድ ሱቅ ውስጥ የሚያብረቀርቅ ጥቁር አዲስ ፒያኖ አየሁ። የተጻፈበት ስም የጀርመን ነው፤ ሻጩም «የጀርመን ዕቃ ነው» ብሎኛል። ዋጋው ግን ከጠበቅሁት ግማሽ እንኳ አይሆንም። አንድ ወዳጄ ደግሞ 30 ዓመት ያገለገለ የጃፓን ፒያኖ በተቀራራቢ ዋጋ ሊሸጥልኝ ይፈልጋል። አዲሱ አይሻልም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በፒያኖ ክዳን ላይ የተጻፈ ስም የትውልድ የምስክር ወረቀት አይደለም። አንድ ፋብሪካ ሠርቶ ነጋዴው የፈለገውን ስም እንዲለጥፍበት ማድረግ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ አሠራር ነው፤ አሜሪካውያን ነጋዴዎች በምርቱ ከፍተኛ ዘመን ከታዋቂ ፋብሪካዎች ስም ጋር የሚመሳሰል ስም እያወጡ አንድ ፊደል ብቻ በመለወጥ ይሸጡ ነበር። ዛሬም ከተዘጉ የአውሮፓ ፋብሪካዎች ስም ብቻ ተገዝቶ ሌላ አገር በተሠራ ፒያኖ ላይ ይወጣል። ይህ በራሱ ወንጀል አይደለም፤ በቻይናና በኢንዶኔዥያ የሚሠሩ ጥሩ ፒያኖዎችም አሉ። ጥፋቱ ሻጩ «የጀርመን ዕቃ ነው» ሲል ነው። የተሠራበትን አገርና ፋብሪካ በደረሰኙ ላይ እንዲጽፍልዎ ይጠይቁት፤ እምቢ ካለ መልስዎን አግኝተዋል።

ዋናው ጥያቄ ግን ያ የዋጋ ቅናሽ ከየት መጣ የሚለው ነው። አንድ ፒያኖ ወደ 230 የሚጠጉ የብረት ክሮች አሉት፤ ሁሉም ተጠቃለው የሚስቡት ኃይል ከ15 እስከ 20 ቶን ይደርሳል። ይህን ኃይል የሚሸከመው በቅርጽ ፈስሶ የተሠራ የብረት ማዕቀፍ ነው፤ ቅኝቱን ይዞ የሚያቆየው ግን እንጨት ነው። እያንዳንዱ ክር በመቃኛ ችንካር ላይ ይጠመጠማል፣ ችንካሩም ጠንካራ ጣውላ ውስጥ ይተከላል። ብሎን የለው፣ መቆለፊያ የለው፤ የሚይዘው የእንጨቱ ጥብቀት ብቻ ነው። ጥሩ ፋብሪካ ይህን ጣውላና ድምፅ የሚያጎላውን የጽድ ዓይነት እንጨት ሰሌዳ ለረጅም ጊዜ አድርቆ ይሠራባቸዋል። ማድረቅ ጊዜ ነው፣ ጊዜ ደግሞ ገንዘብ ነውና ርካሹ ፋብሪካ መጀመሪያ የሚቀንሰው ይህንን ነው። ቀጥሎም የመዶሻውን ሱፍ ያሳንሳል፤ በመጨረሻም ሠራተኛ ቁልፎቹን አንድ በአንድ እያመዛዘነ የሚያሳልፈውን ሰዓት ይቆርጣል። ቀለሙን ግን አይቀንስም፤ ገዢ የሚያየው እሱን ነውና።

በደንብ ያልደረቀ እንጨት ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ጉዳዩ ይከፋል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ በክረምት አየሩ ይርሳል፣ በበጋ ደግሞ ይደርቃል። እንጨት በክረምት እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፣ ቁልፎችም ተጣብቀው ይቀራሉ። ከጥቅምት በኋላ ይሸበሸባል፤ የችንካሮቹ ቀዳዳ ይሰፋል፣ ሰሌዳውም ሊሰነጠቅ ይችላል። ገዢው በነሐሴ የገዛው ፒያኖ በጥር ቅኝት አልይዝ ሲለው ቃኚውን ይወቅሳል። እኔ ራሴ እዚያው አዲስ አበባ በእንግድነት ሳለሁ አንድ ቤተሰብ የሁለት ዓመት ፒያኖ እንድመለከትላቸው ለመኑኝ፤ የቃኘሁት ክር የመቃኛ መፍቻዬን ከችንካሩ ላይ ሳላነሣ ወደ ታች ሲንሸራተት በጆሮዬ ሰማሁት። ያንን ፒያኖ የሸጠው ነጋዴ የሰጠው የአምስት ዓመት ዋስትና ነበር፤ ዋስትናውን የሚፈጽም ባለሙያ ግን አልነበረውም። ስለዚህ ከዋጋው አስቀድመው «ማነው የሚቃኘው? ዕቃ ቢጎድል ከየት ይመጣል?» ብለው ይጠይቁ። አዲስ ፒያኖ ክሮቹ እስኪረጉ ድረስ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ሦስት አራት ጊዜ መቃኘት ይፈልጋል።

የወዳጅዎን ፒያኖ በተመለከተ፣ እንደ ያማሃና ካዋይ ያሉ ፋብሪካዎች የሠሩት፣ በአግባቡ የተያዘ የ30 ዓመት ፒያኖ ከርካሽ አዲስ እንደሚሻል በሙሉ ልብ እነግርዎታለሁ። እንጨቱ ባሕርይውን አሳይቷል፤ የሚሰነጠቅ ቢሆን ኖሮ አብዛኛውን ጊዜ እስካሁን ይሰነጠቅ ነበር። ሆኖም ዝም ብለው አይግዙ። የላይኛውን ክዳን ከፍተው በማዕቀፉ ላይ ያለውን መለያ ቁጥር ይጻፉ፤ የተሠራበት ዓመት ከዚያ ይታወቃል፤ ሻጩ ከነገርዎ ዕድሜ ጋር ያመሳክሩት። የመዶሻዎቹን ጫፍ ይመልከቱ፤ ክሩ ሱፉ ላይ ጥልቅ ጎድጓዳ መስመር ካወጣ ፒያኖው ብዙ ተሠርቶበታል። በብል የተበላ ሱፍ፣ የዛገ ክር፣ አዲስ ቀለም ከሥሩ የሸፈነው ስንጥቅ ካለ ያስተውሉ። የቱንም ቢገዙ ፀሐይ ከሚያገኘው መስኮትና ከማሞቂያ አርቀው ያስቀምጡት።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሲያትል ነው። እንክብካቤ ሳደርግላቸው የነበሩ አንዲት አሜሪካዊት እናት ሲያርፉ ልጆቻቸው እ.ኤ.አ. በ1912 የተሠራ ትልቅ ቋሚ ፒያኖ ሰጡኝ። ቁልፎቹ የዝሆን ጥርስ ናቸው ተብሏል። ልሸጠው አስቤ ችንካሮቹ ዝገው ስለነበር የዝገት ማስለቀቂያ ዘይት ረጭቼ አጸዳኋቸው። ካልተሸጠ ደግሞ አዲስ አበባ ለሚገኝ ቤተ ክርስቲያን ልልከው እፈልጋለሁ። ምን ያህል ያወጣል?

መልስ፦ እውነቱን መናገር ግዴታዬ ነውና ቅር እንዳይሰኙብኝ እለምናለሁ። የዚያ ዘመን ቋሚ ፒያኖዎች በጣም ብዙ በመሆናቸውና ለማደስ የሚያስፈልገው ገንዘብ ከታደሱ በኋላ ከሚያወጡት ዋጋ ስለሚበልጥ፣ በአሜሪካ አብዛኞቹ ዛሬ በነፃ ይሰጣሉ ወይም ወደ ቆሻሻ መጣያ ይሄዳሉ። ዕድሜ ለቫዮሊን ክብር ነው፤ ለፒያኖ ግን ብዙ ጊዜ ድካም ነው።

የረጩት ዘይት ጉዳዩን አባብሶታል። ከላይ እንደገለጽሁት ችንካሩን የሚይዘው የእንጨቱ ጥብቀት ነው፤ ዘይት በችንካሩ ዙሪያ ወደ ጣውላው ከሰረገ ችንካሩ ይላላል፣ ጣውላውንም ከዚያ በኋላ መጠገን ያስቸግራል። ያደረጉት በቅንነት እንደሆነ አልጠራጠርም። ነገር ግን ለሚገዛ ሰው ሁሉ ይህን ሳይደብቁ ይንገሩት፤ በማስታወቂያውም ላይ ይጻፉት። ምናልባት ገዢው ልጁን ለማስተማር ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ የሚመጣ ወገንዎ ሊሆን ይችላል፤ ሳያውቅ ገዝቶ ፎቅ አሳቅፎ ካስወጣ በኋላ ቢያውቀው ገንዘቡንም ጉልበቱንም የሚመልስለት የለም።

የዝሆን ጥርሱን እንዲህ ያረጋግጡ። የነጩን ቁልፍ ገጽ በብርሃን አጋድመው ይመልከቱ፤ ከጥቁሮቹ ቁልፎች ጫፍ ትይዩ እንደ ፀጉር የቀጠነ መጋጠሚያ መስመር ካለና በላዩም ደቃቅ ሥር የመሰለ መስመር ከታየ የዝሆን ጥርስ ነው፤ ፕላስቲክ አንድ ወጥ ነው። ይህ ግን ዋጋ አይጨምርም፤ ጣጣ ያመጣል። የአፍሪካ ዝሆን ጥርስ ዓለም አቀፍ ንግድ፣ ለመጥፋት የተቃረቡ እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚመለከተው ዓለም አቀፍ ስምምነት (ሳይተስ) ሥር እ.ኤ.አ. በ1989 በተደረሰ ውሳኔ የታገደ ሲሆን፣ አሜሪካም በ2016 የአገር ውስጥ ንግዱን ጭምር እጅግ አጥብቃለች። ከ100 ዓመት በላይ ለሆኑ ዕቃዎችና ጥቂት ጥርስ ላለባቸው መሣሪያዎች የተተወ በር ቢኖርም ማስረጃ የማቅረቡ ግዴታ የእርስዎ ነው፤ አንዳንድ ክፍለ ግዛቶችም የየራሳቸው ጠንካራ ሕግ አላቸው። ድንበር ለማሻገር ደግሞ የተለየ ፈቃድ ያስፈልጋል። ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት፤ በማርች 2015 ከ6 ቶን በላይ የተያዘ የዝሆን ጥርስ አዲስ አበባ ላይ በአደባባይ ማቃጠሏን ያስታውሱ ይሆናል። ያለ ፈቃድ የተላከ ፒያኖ ጉምሩክ ላይ ቢያዝ የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ናቸው የሚንገላቱት።

ፈቃዱ ቢገኝ እንኳ አይላኩት። የዚያ ዘመን ቋሚ ፒያኖ 300 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ውቅያኖስ ተሻግሮ፣ የጅቡቲን ወበቅ አልፎ፣ ደጋ ላይ ሲወጣ ያ የደከመ ጣውላ የቀረችውን አቅም ይጨርሳል። የተበረከተለት ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የስጦታን ዕቃ ለመጣል ያፍራልና ለዓመታት ጥግ ላይ ቆሞ ይቀመጣል። የማጓጓዣውን ገንዘብ ብቻ ቢልኩላቸው፣ እዚያው ጥሩ መሣሪያ ሊገዙበት ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ከሐዋሳ ነው የምጽፈው። ፒያኖ መግዛት አልችልም፤ ልጄ በቤታችን ባለችው ትንሽ ኦርጋን ቢማር ይበላሻል?

መልስ፦ አይበላሽም፤ ብዙ ጥሩ ተጫዋቾች የጀመሩት በእሷ ነው። ኦርጋን የምንላት ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ ኖታ ለማንበብና ጣት ለማላመድ ለመጀመሪያው ዓመት ትበቃለች። ጉድለቷ ቁልፎቿ ክብደት የሌላቸው በመሆኑ ጣት አይጠነክርም፤ አንዳንዶቹም ቀስ ቢጫኑ፣ በኃይል ቢጫኑ አንድ ዓይነት ድምፅ ነው የሚያወጡት። ገንዘብ ሲያጠራቅሙ ርካሽ እውነተኛ ፒያኖ ከመፈለግ ይልቅ 88 ሙሉ ቁልፍ ያለው፣ ቁልፎቹም ክብደት ያላቸው፣ ፔዳል የሚቀበል የኤሌክትሪክ ፒያኖ ይግዙለት፤ ቅኝት አይፈልግም፣ እርጥበትም እንደ እንጨት አያስቸግረውም። በሱቅ ሳሉ ልጁ አንድ ቁልፍ ድምፁ እስከሚጠፋ ድረስ በዝግታ እንዲጫን፣ ቀጥሎ ያንኑ ቁልፍ በኃይል እንዲመታ ያድርጉትና ልዩነቱን አብራችሁ ስሙ። መብራት በሚጠፋበት ሰዓት ደግሞ ድምፅ ባይወጣም ጣቱን በቁልፎቹ ላይ ያመላልስ፤ ቀኝ እጁን ብቻ፣ ከዚያ ግራውን ብቻ።